የድሃ ሰፈር ጉብኝት፦ ጨዋነቱ የሚወሰነው ከጉዞው በፊት ነው

ከናይሮቢ፣ ከሙምባይና ከሪዮ ዴ ጄኔሮ የሚለቀቁ አንድ ዓይነት ቪዲዮዎች በየጊዜው በማኅበራዊ ሚዲያ ይዘዋወራሉ። ስልኩን ከፍ አድርጎ የያዘ እንግዳ በቆርቆሮ ቤቶች መሀል ይሄዳል፤ ከፊቱ የሰፈሩ ልጅ የሆነ አስጎብኚ፣ ከኋላው ደግሞ ሕፃናት አሉ። ቪዲዮው በወጣ ቁጥር ክርክሩም አብሮ ይነሣል። አንዱ ወገን «ድህነት ትርኢት አይደለም» ይላል። ሌላው «ለሰፈሩ ወጣት እንጀራ ከሆነው ማን ምን አገባው?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የሚያወራው ስለ ዓይን፣ ሁለተኛው ስለ ኪስ ነው። በመሀል የሚዘለለው ጥያቄ ጉብኝቱን ማን አደራጀው፣ ነዋሪውስ «አይሆንም» የሚልበት መንገድ አለው ወይ የሚለው ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ እንገባለን፤ ለሕክምናና ለንግድ ወደ ሕንድ የሚመላለሰውም ጥቂት አይደለም። ለረጅም ጊዜ ራሳችንን በተጎብኚነት ብናውቅም፣ ጎብኚ የምንሆንባቸው አጋጣሚዎች እየበዙ ነው።

ከለንደን እስከ ሶዌቶ

በእንግሊዝኛ «ስለም» የሚባለው በእኛ የመንግሥት ቋንቋ «የተጎሳቆለ አካባቢ» የሚባለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ መርሐ ግብር፣ ዩኤን ሃቢታት፣ ለቃሉ መለኪያ አበጅቶለታል። ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ በቂ የመኖሪያ ስፋት፣ ዝናብና ፀሐይ የሚችል ቤት፣ የይዞታ ዋስትና፤ ከነዚህ አንዱ እንኳ የጎደለው ቤተሰብ በስለም እንደሚኖር ይቆጠራል። በዚህ ስሌት በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው በስለም ይኖራል። «ስለም ቱሪዝም» እንዲህ ያለውን ሰፈር ከፍሎ፣ በአስጎብኚ እየተመሩ ማየት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1880ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የለንደን ባለጸጎች ወደ ምሥራቅ ለንደን ድሃ ሰፈሮች ወርዶ መዞርን ልማድ አድርገውት ነበር፤ ገሚሱ ለበጎ አድራጎት፣ ገሚሱ ለወሬ። ልማዱ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። ዛሬ የምናውቀው የተደራጀ ጉብኝት መልክ የያዘው ግን በ1990ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ የምድር ጉባኤን ስታስተናግድ ከተማዋ በውጭ እንግዶች ተሞልታ ነበር፤ የሮሲኛ ጉብኝትም በዚያው ሰሞን እንደተጀመረ ይነገራል። ሮሲኛ «ፋቬላ» ከሚባሉት፣ በኮረብታ ላይ ያለ ፕላን ከተሠሩት የብራዚል ሰፈሮች ትልቁ ነው።

የደቡብ አፍሪካው ታሪክ ለየት ይላል። «ታውንሺፕ» የሚባሉት ሰፈሮች የተቆረቆሩት ጥቁሮችን ከከተማው ነጥሎ ለማኖር ነው። የአፓርታይድ አስተዳደር ራሱ ሶዌቶን በአውቶቡስ ያስጎበኝ ነበር፤ ዓላማውም «ጥቁሮችን በደንብ ይዘናል» ለማለት ነበር። አፓርታይድ ካከተመበት ከ1994 ወዲህ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ የሰኔ 1976ቱን የተማሪዎች አመፅ ሥፍራና ማንዴላ የኖሩበትን የቪላካዚ ጎዳና ቤት ያያል። ሰፈሩ ያው ነው፤ ጎብኚውም ያው የውጭ ሰው ነው። የተለወጠው ተራኪው ነው። «የድሃ ሰፈር መጎብኘት ነውር ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ በደፈናው መፍረድ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ዳራቪ፦ የተሻለ የሚባለው አሠራር

በሙምባይ የባቡር መስመሮች መካከል የተጨመቀው ዳራቪ ከሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የነዋሪው ቁጥር እንደ ገማቹ ይለያያል፤ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል የሚሉ አሉ። አብዛኛው ሰው ስሙን የሰማው በሙምባይ ድሆች ላይ የተሠራ አንድ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 ስምንት የኦስካር ሽልማቶችን ሲያፍስ ነው። ዛሬ በስፋት የሚጠቀሰው ጉብኝት ግን ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2006 ሥራ ጀምሯል። አንድ እንግሊዛዊና አንድ ሕንዳዊ በሽርክና ያቋቋሙት ሪያሊቲ ቱርስ የሚባል ድርጅት ነው ያስጀመረው።

የድርጅቱ አሠራር ሦስት ነገሮች አሉት፤ ዛሬ በሌሎች ከተሞች «ጨዋ ጉብኝት» የሚባለው ሁሉ ከሞላ ጎደል እነዚህኑ የሚከተል ነው። ቡድኑ ትንሽ ነው። ካሜራ አይፈቀድም፤ ፎቶ የሚፈልግ ድርጅቱ አስቀድሞ ያነሣቸውን በኢሜይል ይቀበላል። ከትርፉ 80 በመቶው በ2009 ለተቋቋመውና በትምህርት ላይ ለሚሠራው እህት ድርጅት ይሰጣል። አስጎብኚዎቹ ባብዛኛው የከተማው ወጣቶች ናቸው።

እንግዳው ቀድሞ የሚያየው ቤት ሳይሆን ሥራ ነው። ከመላው ከተማ የተለቀመ ፕላስቲክ በቀለምና በዓይነት ይለያል፤ በወፍጮ ይፈጫል፤ ታጥቦ ጣራ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ ይቀልጥና በትናንሹ ተቆራርጦ ለፋብሪካ ይሸጣል። አንድ የዘይት ጀሪካን በዚህ መንገድ የመጫወቻ መኪና ወይም የወንበር እግር ሆኖ ይመለሳል። ወደ ውስጥ ሲገባ ኩምባርዋዳ የሚባለው የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ይመጣል፤ ቤተሰቦቹ ከጉጃራት የመጡ ናቸው፤ ምድጃቸውም በመኖሪያቸው መሀል ነው። ሴቶች ፓፓድ የሚባለውን ስስ ቂጣ በተደፋ ቅርጫት ላይ ዘርግተው ፀሐይ ያስመቱታል። የቆዳ ቦርሳና ጃኬት የሚሰፉ ወርክሾፖችም አሉ። የመኖሪያ ቤቶቹ መንደር መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ ራስ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ እግር ሥር ቦይ ያለበት መተላለፊያ ነው።

ቅደም ተከተሉ ታስቦበት ነው። «ድሃ ማለት ሥራ የሌለው ሰው ነው» ብሎ የመጣ እንግዳ ስምንትና አሥር ሰዓት ሲለፉ የሚውሉ ሰዎችን አይቶ ይመለሳል። ይህ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን እዚሁ ላይ ከባዱ ትችት ይነሣል። የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪ በ2017 ባሳተሙት ጥናት የዚህ ጉብኝት ደንበኞች ትሪፕአድቫይዘር በሚባለው የተጓዦች ድረ ገጽ ላይ የጻፏቸውን አስተያየቶች መረመሩ። በአብዛኛው ጽሑፍ ውስጥ ድህነቱ ወይ ተረስቷል፣ ወይ የለም ተብሏል፣ ወይ ውበት ተቀብቷል። ጎብኚው «ሰዎቹ ታታሪና ደስተኛ ናቸው» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያ ሁሉ ታታሪ ሕዝብ ለምን መጸዳጃ እንደሌለው ግን አይጠይቅም። የጭሱን ጉዳይም፣ ያለ ጓንት የሚሠራውን ሰው ጉዳይም፣ ካስት የሚባለው በትውልድ የሚወረስ የማኅበረሰብ ደረጃ በሥራ ምደባ ላይ ያለውን ድርሻም አብሮ ይዘነጋዋል።

የድርጅቱ ደጋፊዎች መልስ አላቸው። እንባ የሚያስፈስስ ጉብኝት ቢዘጋጅ ተቺው «ድህነትን ሸጡ» ይል ነበር፤ ሥራውን ሲያሳዩ ደግሞ «ድህነትን ደበቁ» ይላል። መልሱ ፍትሐዊ ነው፤ ሆኖም ሙሉ አይደለም። ሥራውን እያሳዩ ውኃው በቀን ለስንት ሰዓት እንደሚመጣና ስንት ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ እንደሚጋራ መናገር ይቻላል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ኪቤራ፦ ከወዲያኛው በኩል

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 ኬኔዲ ኦዴዴ የተባለ፣ ኪቤራ በሚባለው የናይሮቢ ድሃ ሰፈር ያደገ ኬንያዊ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሰፈሩን ሊጎበኙ የመጡ ሰዎችን መጀመሪያ ያየው በ16 ዓመቱ ነው። ከጠባብ ቤታቸው ደጅ ሳህን እያጠበ ሳለ፣ ሁለት ቀን ምግብ ሳይቀምስ፣ አንዲት ፈረንጅ ድንገት ካሜራ ደገነችበት። በብረት ፍርግርግ ውስጥ እንደተቆለፈበት ነብር ሆኖ እንደተሰማው ጽፏል። ክርክሩ ስሜቱ ላይ አያበቃም፦ ጎብኚው ለአፍታ ያየውን ድህነት ትቶት ይሄዳል፤ ሰውየው ግን እዚያው ይቀራል፤ በልዋጩ ክብሩን ሰጥቶ ያገኘው ነገር የለም። ኦዴዴ በኋላ በኪቤራ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሚያንቀሳቅስ ትልቅ ድርጅት መሪ ሆኗል። ስለዚህ ትችቱ «የውጭ ሰው ድርሽ አይበል» የሚል አይደለም። የውጭ ሰው እግሩን ከማንሣቱ በፊት ከሰፈሩ ጋር አንድ ግንኙነት ይኑረው የሚል ነው።

ኪቤራ ሌላም ነገር ያስተምራል። ለብዙ ዓመታት በአስጎብኚዎችም፣ በእርዳታ ድርጅቶችም፣ በጋዜጣም «የአፍሪካ ትልቁ ስለም፣ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ» ሲባል ኖሯል። የ2009 የኬንያ ሕዝብ ቆጠራ ያገኘው 170,070 ሰው ነው። ቆጠራው ሰው አምልጦት ሊሆን ይችላል ቢባል እንኳ ልዩነቱ በስሕተት የሚገለጽ አይደለም። ትልቅ ቁጥር ለእርዳታ ማመልከቻም፣ ለጉብኝት ማስታወቂያም ይመቻል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚጠቀም ሰው ግን አልነበረም። የኪቤራ ታሪክ ራሱ ከቁጥሩ ይልቅ የሚስብ ነው፤ ሰፈሩ የተጀመረው በእንግሊዝ ጦር ያገለገሉ የኑቢያ ወታደሮች ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጠባ በሰፈሩበት ጫካ ነው፤ ዘሮቻቸውም ለመሬቱ ማረጋገጫ ለማግኘት ለአሥርት ዓመታት ተሟግተዋል። ይህን የሚተርክ አስጎብኚ ያገኘ ጎብኚ ስለ ድህነት መንሥኤ አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል። «አንድ ሚሊዮን» ብቻ የሰማው ግን መደነቅን እንጂ ሌላ አያተርፍም።

ገንዘቡ የት ይደርሳል?

«ለሰፈሩ ገቢ ነው» የሚለው ክርክር በሂሳብ መታየት አለበት። እንግዳው በኢንተርኔት መድረክ ቢገዛ መድረኩ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል። በሆቴል በኩል ቢሆን ሆቴሉም ድርሻ አለው። ከዚያ መኪናው፣ ነዳጁ፣ የድርጅቱ ቢሮና የአስጎብኚው ደመወዝ ይቀነሳል። የቱሪዝም ባለሙያዎች «ሊኬጅ» የሚሉት፣ ማለትም ገቢው መድረሻው ላይ ሳይደርስ በመንገድ መንጠባጠቡ፣ ይህ ነው።

ጉብኝቱን ከሚሸጡት አንዳንዶች «ከትርፋችን ይህን ያህል በመቶ ለማኅበረሰቡ» ይላሉ። ትርፍና ዋጋ አንድ አለመሆናቸውን ልብ ማለት ይጠቅማል። ለምሳሌ እንግዳው 1,000 ብር ከፍሎ 700 ብሩ ወጪ ቢሆን፣ ከትርፉ 80 በመቶ ማለት 240 ብር ነው። ይህ መጥፎ አይደለም፤ ከብዙዎቹ ይሻላል። ግን 800 ብር አይደለም። ወጪው ምን ያህል እንደሆነ የማይናገር ድርጅት የሚጠቅሰው መቶኛ ደግሞ ብዙ አይናገርም።

ከዚህም በላይ ገንዘቡ የሚነካው ማንን ነው የሚለው አለ። አስጎብኚው ይከፈለዋል፤ የመታሰቢያ ዕቃ ሻጩ ይሸጣል። በሯን ከፍታ ልብስ የምታጥበው፣ ሃያ እንግዳ በፊቷ የሚያልፍባት ሴት ግን ምንም የላትም። በሪዮ ሮሲኛ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ብዙዎቹ ነዋሪዎች የእንግዳ መምጣትን አይጠሉም፤ እንዲያውም ስለ ሰፈሩ የሚወራው የወንጀል ወሬ ይቀንሳል ብለው ይጠብቃሉ፤ የሚያማርሩት ትርፉ ከኮረብታው ወርዶ መሄዱን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉብኝቱ ጣራ በሌለው ጂፕ ይደረግ ስለነበር «የሰው ሳፋሪ» የሚል ስም አትርፏል። በ2010 መንግሥት ሳንታ ማርታ በተባለች ትንሽ ፋቬላ የነዋሪ አስጎብኚዎችን አሠልጥኖ ምልክቶችን የተከለው ይህን ለማስተካከል ነበር፤ ከውጭ ከሚመጡ ኩባንያዎች ጋር ያለው ፉክክር ግን አልቀረም።

የደኅንነት ጉዳይን ባጭሩ ላንሣው። በጥቅምት 2017 በሮሲኛ በጉብኝት ላይ የነበረች ስፔናዊት በፖሊስ ጥይት ተገድላለች፤ ሰፈሩ በዚያን ወቅት በወንበዴ ቡድኖች ግጭት ውስጥ ነበር። ነዋሪው ልጁን ከቤት በማያስወጣበት ሳምንት ጉብኝት መሸጥ፣ ጎብኚውንም ነዋሪውንም አደጋ ላይ መጣል ነው። ጥሩ አስጎብኚ «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ገንዘብ የሚመልስ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

በኢትዮጵያ የተደራጀ የድሃ ሰፈር ጉብኝት ገበያ ይህን ያህል የጎላ አይደለም። ተመሳሳዩ ነገር ግን በሌላ ልብስ አለ። በደቡብ ኦሞ በሙርሲ መንደሮች ጎብኚ በፎቶ ቁጥር ይከፍላል። ክፍያው በፎቶ ሲሆን ጌጡም ለካሜራ ይጨመራል፤ በአዘቦት ቀን የማይደረግ ነገር ራስ ላይ ይወጣል። እንግዳው «እውነተኛውን ሕይወት አየሁ» ይላል፤ ያየው ግን የዋጋ ዝርዝሩ የወለደውን ነው። እንግዳውና የመንደሩ ሰው እየተናናቁ ይለያያሉ፤ አንዱ «አስቸገሩኝ»፣ ሌላው «ሰረቀኝ» እያለ። የክፍያ አሠራር የሰውን ባህርይ እንዴት እንደሚቀርጽ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

በአዲስ አበባ ደግሞ በአለርት ሆስፒታል ዙሪያ ባሉት ሰፈሮች የውጭ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ሲመላለሱ ኖረዋል። የእኛው ሰውስ? የልደት ቀንን በመርጃ ማዕከል ማክበር፣ ከአሜሪካ የመጡ ልጆችን «ያላቸውን እንዲያመሰግኑ» ወስዶ አረጋውያንን ማሳየት፣ ምጽዋት ሲሰጡ መቀረጽ የተለመደ ሆኗል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ማዕከላቱም ከዚህ የሚያገኙት እርዳታ ቀላል አይደለም። ሆኖም የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ፊቱ በቲክቶክ እንዲወጣ ፈቅዷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ፈረንጁን የምንወቅስበት መለኪያ ለእኛም ይሠራል። ሕፃናትን በተመለከተ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 መገባደጃ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ከቱሪዝም ጋር የተያያዙትን ጨምሮ፣ የሕፃናት ማሳደጊያዎችን የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ጉዳት አገሮች እንዲከላከሉ ጠይቋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጎብኚ ገንዘብ ካመጣ፣ ማሳደጊያው ወላጅ ያለውንም ልጅ መሙያ ሊያደርገው ይችላል።

ከመክፈል በፊት

ለጉዞ የተነሣ ሰው ጨዋነቱን ሰፈሩ ከገባ በኋላ በፈገግታና በከረሜላ ሊያካክሰው አይችልም። የሚበጀው ቦታ ከመያዙ በፊት መጠየቅ ነው። የድርጅቱ ባለቤት ማን ነው? አስጎብኚው እዚያ ይኖራል ወይስ ጠዋት ከሌላ ሰፈር ይመጣል? ስንት ሰው ይሄዳል? ከስድስትና ከሰባት በላይ የሆነ ቡድን በጠባብ መንገድ ሲገባ መንገድ መዝጋት ነው። የካሜራ ደንቡስ? «ፈቃድ ጠይቁ» የሚለው ደንብ ከሙሉ ክልከላ ይልቅ ደካማ ነው፤ ምክንያቱም ፈቃዱን የሚተረጉመው ገንዘቡን የሚቀበለው አስጎብኚ ነው። እምቢ ማለት ለነዋሪው ዋጋ የማያስከፍለው፣ ካሜራው ከመጀመሪያው ካልመጣ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ የሚያስገባ ጉብኝት ሲቀርብ፣ ባለቤቲቱ ተከፍሏታል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ለልጆች ሳንቲምና ከረሜላ መስጠት በብዙዎቹ ድርጅቶች የተከለከለው በንፍገት አይደለም፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ይልቅ የቱሪስት መንገድ እንዲጠብቅ ስለሚያደርገው ነው። መርዳት የፈለገ የሚሠራውን ሰው ዕቃ ይግዛ፤ የዳራቪ ቆዳ ሰፊ ለቦርሳው ዋጋ አለው።

ሰፈሩ ራሱ ሲጠፋ

ዳራቪ አሁን ከጉብኝት የበለጠ ጉዳይ ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሰፈሩን አፍርሶ እንደገና የመገንባቱን ጨረታ አዳኒ የተባለው የሕንድ ኩባንያ አሸንፏል። በእቅዱ መሠረት ከጥር 1 ቀን 2000 በፊት በሰፈሩ እንደኖረ ማስረጃ ያለው፣ በምድር ቤት የሚኖር ሰው፣ 350 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 32 ካሬ ሜትር ግድም የሆነ ቤት እዚያው በነጻ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የመጣው ወይም ፎቅ ላይ የሚኖረው ሌላ ቦታ ይሰጠዋል። ፕላስቲክ የሚፈጨው፣ ሸክላ የሚተኩሰው፣ ጣራ ላይ የሚያሰጣው በ32 ካሬ ሜትር አፓርታማ ሥራውን እንዴት እንደሚቀጥል ዋናው ክርክር ነው። ደጋፊዎቹ ውኃና መጸዳጃ በየቤቱ መግባቱን ያነሣሉ፤ ይህን ደግሞ ማንም ቀላል ነው ሊል አይችልም። ከአዲስ አበባ የሚሄድ አንባቢ ክርክሩን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ለጎብኚው ይህ ማለት፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ዳራቪን የሚዞር ሰው በሙግት ላይ ያለ ሰፈር ይዞራል ማለት ነው። አስጎብኚው ስለ ፕላስቲኩ ሁሉንም ተናግሮ ስለ ማስረጃው ቀን ዝም ካለ፣ ጥያቄውን ማንሣት የእንግዳው ነው፤ ከሚጎበኛቸው ቤቶች የስንቶቹ ባለቤቶች በዚያው ይቀራሉ፣ አስጎብኚው ራሱስ?